የእናታችን ሙት ዓመት ድንኳን የት ይተከል?

የቅያሱ ልጅ (ጠያቂ)፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ሐተታው ግን ይረዝማልና ታገሡኝ።

እናቴ ያረፈችው ነሐሴ 19 ቀን 2016 ነው። ዘንድሮ ቀኑ ሰኞ ስለሚውል ሙት ዓመቷን እሑድ ነሐሴ 18 ልናወጣ ተስማምተናል። የተስማማነው ግን በቀኑ ብቻ ነው። እህቴ አዳራሽ እንከራይ ትላለች። ወንድሜ እናታችን ባረፈችበት ኮንዶሚኒየም ይሁን ይላል። እኔ ደግሞ ፒያሳ ካልሆነ እላለሁ፤ ፒያሳ የት ብለው ሲጠይቁኝ ግን መልስ የለኝም።

ያደግነው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በግቢያችን ዘጠኝ አባወራ ነበር። አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት። እናቴ እዚያ 43 ዓመት ኖራለች። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው ከበሩ ውጪ፣ ቅያሱ ላይ ነበር። በድንጋይ አጥራችን ላይ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አምባር የሚያክል የብረት ቀለበት ተተክሏል። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። የድንኳኑ አንደኛው ገመድ ሁልጊዜ የሚታሰረው እዚያ ቀለበት ላይ ነው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የነበሩት ለቅሶዎች ሁሉ ገመዳቸው እዚያ ታስሯል። ገመዱ የሚያርፍበት ጎኑ ተበልቶ ተበልቶ ከሌላው ጎን በግማሽ ሳስቶ ነበር።

ሰፈራችን የፈረሰው በ2016 መጋቢት ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተመረቀ ገና ወሩ ነበር። (በመታሰቢያው ቅሬታ የለኝም፤ ልጆቼን ወስጄ አሳይቻለሁ።) ታናሽ ወንድሜ ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ መስኮቱን ሲያወርድ ውሎ ማታ ላይ ቀለበቱን በመሮና በመዶሻ ነቅሎ በኪሱ ይዞ መጣ። ምን ልታደርገው ነው ብለው «እኔ እንጃ» አለኝ። አሁንም ድረስ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።

እናቴ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የኖረችው አምስት ወር ብቻ ነው። አራተኛ ፎቅ። ጉልበቷ ስለሚያማት የምትወርደው ለሐኪምና ወር በገባ በ23 ለጊዮርጊስ ብቻ ነበር። ባረፈች ዕለት የሬሳ ሣጥኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሞከሩት። በመጨረሻ አቁመው አዞሩት። በሕይወቷ በእግሯ ለመውረድ የምትፈራውን ደረጃ ቆማ ወረደችው። ይህን አይቼ ማልቀስ አቃተኝ፤ ሣጥኑን ያዙት፣ ያዙት እያልኩ ስጮኽ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ድንኳኑም አልሆነልንም። መኪና ማቆሚያው ኮብልስቶን ነው፤ ካስማ አይገባበትም። ገመዶቹን በሁለት መኪኖች መከላከያ ላይ አሰርናቸው። በማግሥቱ የአንደኛው መኪና ባለቤት ሥራ ሊሄድ ነው። ፈታነው። ዝናቡ ደግሞ የነሐሴ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእናቴ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል። ለቅሶ ሊደርሱ ከሌላ የኮንዶሚኒየም ሳይት ሦስት ታክሲ ይዘው መጡ። ብሎኩ ሁሉ መልኩ አንድ ነው፤ ቁጥሩን የጻፉበት ወረቀት ደግሞ በዝናቡ ረጥቦ ነበር። ድንኳን ሲያዩ ገቡ፤ ደረታቸውን መትተው አለቀሱ፤ ንፍሮ ተሰጣቸው፤ ቁጭ አሉ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀና ብለው ሲያዩ ከለቀስተኛው አንድም የሚያውቁት ሰው የለም። ሟቹ ከኛ ሦስት ብሎክ ወዲያ የሚኖር አንድ አባወራ ነበር። እኛ ጋ ሲደርሱ እንባቸው አልቆ ነበር። «የሷን ለቅሶ ለሌላ ሰው ሰጠሁት» እያሉ እስከ ዛሬ ይቆጫሉ።

እድራችንም ተበትኗል። አባላቱ አምስት ሳይት ላይ ናቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹና ሦስቱ ትልልቅ ድስቶች የአንድ አባል ዘመድ መጋዘን ውስጥ ናቸው። ድሮ የሚጠራን ጥሩምባ ነበር፤ አሁን ቴሌግራም ነው፤ ግማሹ ሰው ደግሞ ቴሌግራም የለውም።

ባለፈው ሳምንት ቦታውን ላየው ሄድኩ። ከጴጥሮስ ሐውልት ወደ ታች ወርጄ እየቆጠርኩ ተራመድኩ። ድሮ ከዳቦ ቤቱ ማዕዘን እስከ በራችን 60 እርምጃ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። አሁን ማዕዘኑ ራሱ የለም፤ ከየት ልቁጠር? ያማረ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሜ ቤታችን በግራዬ ይሁን በቀኜ መለየት አቃተኝ። እና እዚያው አለቀስኩ። ለእናቴ ይሁን ለግቢው አላውቅም።

ከፈረሰ ሰፈር የወጣችሁ ሰዎች፣ ሙት ዓመት ያወጣችሁት የት ነው? እንዴትስ ሆነላችሁ?

*

ጀሞ ሁለት

ነፍስ ይማር እህቴ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

እኛ ከልደታ የወጣን ነን፤ 15 ዓመት አለፈን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ለቅሶዎች ልክ እንደናንተ ሆነውብን ነበር። ከዚያ ለመድን። የተማርነውን ልንገርሽ።

ኮብልስቶን ላይ ካስማ አይሞከርም። ሃያ ሃያ ሊትር የሚይዙ ቢጫ ጀሪካኖች አሸዋ ሙሏቸውና ገመዱን እጀታቸው ላይ እሰሩ። ለአንድ ድንኳን ስምንት ይበቃል፤ ነሐሴ ከሆነ አሥር አድርጉት። ውኃ አትሙሉ፤ ልጆች ቡሽ ይከፍታሉ። መኪና ላይ ደግሞ በፍጹም አትሰሩ።

ለመኪና ማቆሚያው ከሦስት ቀን በፊት በየደረጃው መግቢያ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ በቃል የተነገረውን ሰው ይረሳል። ከአስፋልቱ ጀምሮ ቀስት የተሣለበት ወረቀት በየምሰሶው ላይ ይለጠፍ፤ ላዩ ላይ በፕላስቲክ ይሸፈን። እንደ እትዬ ያሉትን ለመቀበል አንድ ጎረምሳ ታክሲ ማቆሚያው ላይ ጃንጥላ ይዞ ይቁም። የሳይቱን እድር ግቡ፤ የድሮውንም አትተዉ። እኔ ለሁለቱም እከፍላለሁ። የሳይቱ ይቀብረኛል፣ የልደታው ያለቅስልኛል እያልኩ እቀልዳለሁ።

አዳራሹን ተዉት። አዳራሽ ሰዓት አለው። ሰው ሐዘኑን ሲጀምር አስተናጋጁ ወንበር መሰብሰብ ይጀምራል።

*

እውነቱን እንነጋገር

ሐዘናችሁን እካፈላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኔም የዚያው አካባቢ ልጅ ነኝ። ዘጠኝ አባወራ ለአንድ መጸዳጃ ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ክረምት በመጣ ቁጥር ፍሳሹ በር ላይ ነው። በአንድ ወቅት ከጎናችን እሳት ሲነሣ መኪናው ቅያሱ አላስገባው ብሎ በባልዲ ነው ያጠፋነው። የሞተ ሰው ድንኳን ያምር ነበር፤ በሕይወት ያለው ሰው ግን አይመቸውም ነበር። አሁን ሁሉም ሰው ፒያሳን ሲያነሣ የአበባ ቦታ ያስመስለዋል። አባቴ ሌሊት በዝናብ ሽንት ቤት ሲሄድ ወድቆ ነው ዳሌው የተሰበረው። እኔ ያንን ቅያስ አልናፍቅም።

*

የቅያሱ ልጅ (ጠያቂ)

ወንድሜ፣ አልተቆጣሁም። እውነትህን ነው። እናቴ ኮንዶሚኒየም የገባች የመጀመሪያዋ ሌሊት ሦስት ጊዜ እየተነሣች ሽንት ቤቱን አብርታ አይታዋለች። «የራሴ?» አለችኝ ጠዋት። ውኃውን ደጋግማ ትለቀው ነበር።

በሳምንቱ ደግሞ በረንዳው ላይ ቆማ ወደ ታች ስታይ አገኘኋት። «ሰው ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ስጠራው አይሰማም» አለችኝ። ሁለቱንም የተናገረችው አንዲቱ ሴትዮ ናት፤ እኔ የቱን ልተው?

ጀሞ ሁለት፣ የአሸዋውን ነገር ለወንድሜ ነገርኩት። እግዚአብሔር ይስጥልን።

*

ሰማያዊ ወረቀት

በሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ነው የምሠራው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ሥራ ሲጀመር ጀማሪ ነበርኩ፤ ከብዙ ነዳፊዎች አንዱ ሆኜ ጥቂት ብሎኮች ላይ እጄ አለበት። ስለዚህ ይህ መልስ በከፊል ኑዛዜ ነው።

ለቅሶ አልታሰበም ማለት አይቻልም። ለተወሰኑ ብሎኮች አንድ የጋራ መገልገያ ቤት እንዲኖር ተደርጎ ነው የተነደፈው። ለዕርድ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለሐዘንና ለደስታ። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ችግሩ ያንን ቤት ያሰብነው እንደ ዕቃ መሆኑ ነው። አስፈላጊ ሲሆን ትከፍተዋለህ፣ ሲያልቅ ትዘጋዋለህ። ብዙ ቦታ ተከራይቷል፤ ሌላው ቦታ መጋዘን ሆኗል። ያላችሁበትን ሳይት ብትጠይቁ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው።

እኅቴ የጻፈችውን ሳነብ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። በድሮው ሰፈር ለቀስተኛ ወደ ሐዘንተኛው የሚደርሰው በደረጃ ነበር፤ የሲሚንቶ ደረጃ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ዋናው መንገድ፣ ቀጥሎ ማዕዘኑ፣ ቀጥሎ ቅያሱ፣ የግቢው በር፣ ደጃፉ፣ ከዚያ ፍራሹ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ዋይታውን ይጀምራሉ። ቤት ያለው ሐዘንተኛ ድምፁን ሰምቶ ማን እንደመጣ ይለያል፤ ተነሥቶ ይጠብቃል። ሁለቱ ለቅሶዎች በሩ ላይ ይገናኛሉ። ለዚህ ሁሉ 60 እርምጃ ያስፈልጋል። አንቺ ልጅ ሆነሽ የቆጠርሽው ይኸንን ነው።

እኛ የሠራነው ምንድን ነው? በር፣ ደረጃ፣ መንገድ። በቃ። አራት ፎቅ የወጣ ሰው ትንፋሹ ተቆርጦ ነው የሚደርሰው፤ ማልቀስ አይችልም፤ መጀመሪያ ውኃ ይለምናል። ከዚያ ደግሞ ደወል አለ። ደወል ተጭኖ ዋይ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ስለ ሣጥኑም ልናገር። የደረጃውን መታጠፊያ ስንነድፍ አልጋና ፍሪጅ ይዞራል ወይ ብለን ለክተናል። ሰው ተኝቶ እንደሚወርድ ግን ከመካከላችን ያነሣ አልነበረም። ሁላችንም ሃያዎቹ ውስጥ ነበርን።

ለሙት ዓመቱ ምክሬ ይህ ነው። ድንኳኑን ከሕንፃው መግቢያ ጋር አታጣብቁት። ሃያ ሠላሳ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ መግቢያው ወደ ዋናው መንገድ እንዲያይ ትከሉት፤ ሰው እየተራመደ የሚመጣበት ነገር ይኑረው። ስለ ቀለበቱ ደግሞ፣ ቁም ሣጥን ላይ ለምን ይቀመጣል? ባለ ሃያ ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ ኮንክሪት ሙሉና ቀለበቱን መሐሉ ላይ ትከሉት። ቀለበቱ ከኮንክሪቱ ሥር የሚጠለፍ አንድ ብረት ይግባበት፤ ያለዚያ ይነቀላል። 48 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከአሸዋው ጀሪካን የበለጠ ይይዛል። አንድ ሳምንት ይድረቅ፤ በየቀኑ ውኃ አጠጡት።

*

ጡረተኛው

ልጄ፣ ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልሽ። መጻፍ አልወድም፤ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

እኔ ስለ ድንኳን ስትጨነቂ ቀናሁብሽ። አትቀየሚኝ። ታናሽ ወንድሜ በ1969 በቀይ ሽብር ሲገደል ድንኳን መትከል አይቻልም ነበር። ማልቀስም አይቻልም። ጥቁር መልበስም ያስጠይቅ ነበር። እናታችን አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ገበያ ወጣች። ማታ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገን፣ አፏን በትራስ ይዛ ነው ያለቀሰችው። የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ፣ ወንፊት ልዋስ፣ እርሾ ልዋስ እያሉ ይገቡና እቅፍ አድርገዋት ይወጣሉ። ሳምንት ሙሉ ቤታችን ወንፊት ሲዋሱብን ሰነበቱ። አንድ ወንፊት ነበር ያለን። አሁን ሳስበው ለቅሶ የደረሱን በወንፊት ነው።

መቃብሩን አናውቅም። እናቴ ሳትቀመጥለት ሞተች።

በ2002 መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት እህቴን ይዤ ሄድኩ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ፎቶግራፍ ነው፤ ልጆች ናቸው፤ አብዛኛው ፀጉሩ አፍሮ ነው። ከጅምላ መቃብር የወጣው አጽም በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። እህቴ ፎቶው ፊት ስትደርስ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጠባቂው መጣ፤ ያነሣታል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ወንበር አምጥቶ አጠገቧ አኖረላት። አልተቀመጠችበትም። ለቅሶ መሬት ላይ ነው፤ እሷ ይህን ታውቃለች። ከ33 ዓመት በኋላ እዚያ ተቀመጠችለት።

ቤቴ ስድስት ኪሎ ነው። የየካቲት 12ን ሐውልት በየቀኑ አልፈዋለሁ። በ1929 በሦስት ቀን ያለቀው ሕዝብ ሠላሳ ሺህ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ዙሪያውን የነሐስ ምስል አለ፤ ግድያው ተቀርጿል። አባቴ እጄን ይዞ ሲያሳየኝ ጣቱ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነበር፤ «እንዲህ ነበር» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አይናገርም። ለየካቲት 12 ሰው አበባ ይዞ ይመጣል፤ በሌላው ቀን ተማሪ አጥሩ ሥር ቆሞ ታክሲ ይጠብቃል። ይህ ክፉ ነገር አይመስለኝም።

የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ደግሞ አንቺም ታስታውሺዋለሽ። ለባቡሩ ብለው በ2005 አነሡት፤ በ2008 መለሱት። በመካከሉ ባዶ ሳለ እንኳ የታክሲ ረዳቱ «ጴጥሮስ! ጴጥሮስ!» እያለ ነበር የሚጠራው። የምኒልክንም ሐውልት ጣሊያን አፍርሶ ቀብሮት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። የሐውልት ዕድሉ ይህ ነው፤ የሚመልሰው አያጣም። የእናንተን ቅያስ ግን ማንም በአደራ አላስቀመጠውም።

ስለዚህ ምክሬን ስሚ። እህትሽም ወንድምሽም አንቺም ትክክል ናችሁ። እሑድን ድንኳኑ ባለበት አድርጉት፤ ሰው የሚያድረው እዚያ ነውና። ነገር ግን ሰፈሩ ቢፈርስ ጊዮርጊስ አልፈረሰም። ነሐሴ 23 እናትሽ የማትቀርበት ቀን ነው ብለሻል። የተበተነውን ጎረቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ከምትጠሪው ወደ ጊዮርጊስ ጥሪው። ዕለቱ ዓርብ ስለሚውል ዳቦና ንፍሮ ይበቃል። አድራሻ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

*

ከአሽዶድ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። የአባባን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አያቴ የተቀበረችው ሱዳን፣ ኡም ራኩባ ካምፕ ነው። በ1976። እናቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቦታውን አታውቀውም። እኛ ቤተ እስራኤሎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል በመጣንበት በዚያ መንገድ ወደ አራት ሺህ ሰው እንዳለቀ ይነገራል። እዚህ ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ፣ ለነሱ መታሰቢያ ተሠርቷል። የጎንደር ጎጆ አምሳያ ነው ያቆሙት። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እንሄዳለን፤ ቄሶቻችን ይጸልያሉ፤ ባለሥልጣናት ይናገራሉ። እናቴ ንግግሩን አትሰማም። ጎጆው አጠገብ ትሄድና ግድግዳውን በመዳፏ ትነካዋለች፤ የጭቃ ስላልሆነ በየዓመቱ እጇን መልሳ ታየዋለች። ምን ፈልጋ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ለቅሶ ግን እዚህም ከፎቅ ሥር ነው። ሰባት ቀን እንቀመጣለን፤ ድንኳኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ይተከላል፤ ሰው ከየከተማው በአውቶቡስ ይመጣል። የመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤቶቻችን ሰርግ መስሏቸው ነበር። አሁን ድንኳን ሲያዩ ቡና ይዘው የሚወርዱ አሉ። የናንተም ሳይት ይለምዳል።

*

የቅያሱ ልጅ (ጠያቂ)፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017

ቃል ገብቼ ስለነበር እንዴት እንደሆነ ልጻፍ።

ወንድሜ ነገሩን ከኔ በላይ ያዘው። ባልዲውን ከአንድ ቀለም ቀቢ ጓደኛው አመጣ፤ ኮንክሪቱን ራሱ አቦካው፤ ከሥር ብረት አስገባበት። በየማለዳው ውኃ ሲያጠጣው የጎረቤት ልጆች ችግኝ የተከለ መስሏቸው ምን ይበቅላል እያሉ ይጠይቁት ነበር። የሳሳውን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ነው የተከለው። ገመድ የለመደው ያ ጎን ነው ይላል።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብሯ ላይ ጸሎት ተደረገ። ድንኳኑን ሰማያዊ ወረቀት እንዳሉት ከሕንፃው አርቀን፣ አፉን ወደ መንገዱ አድርገን ተከልነው። ዘጠኝ ጀሪካንና አንድ ባልዲ። ዝናቡ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ፤ አንዱ ጀሪካን ተንሸራተተ፤ ባልዲው አልተነቃነቀም። እትዬ ዘንድሮ አልጠፉም። ጃንጥላ የያዘው የእህቴ ልጅ ከታክሲው ማቆሚያ ይዟቸው መጣ። ድንኳኑ ገና ከሩቅ ሲታያቸው ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ድምፃቸውን አወጡ። ውስጥ ሆኜ ሰማሁ፤ ማን እንደሆኑ ለየሁ፤ ተነሥቼ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ተገናኘን። አምና የቀረባቸውን አለቀሱት። እኔም ደረጃው ላይ የቀረብኝን።

ነሐሴ 23 ጊዮርጊስ አርባ ያህል ሰው መጣ። ዳቦው አነሰ። ከቅጥሩ ስንወጣ ሁላችንም ተያይዘን ወደ ሰፈሩ ወረድን። ማንም እንሂድ አላለም፤ እግራችን ነው የወሰደን። እዚያ ስንደርስ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ ቧንቧው የመብራት ምሰሶው ያለበት ቦታ ነበር ይላል። ሌላዋ የለም፣ ዛፉ ጋ ነው ትላለች። የእድሩ ዳኛ ዳቦ ቤቱን በከዘራቸው ወደ አንድ ጎን ሲያመለክቱ ባለቤታቸው በሌላ ጎን ታመለክታለች። እውነቱን እንነጋገር ያልከኝ ወንድሜ፣ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደነበረ ግን ሁሉም ተስማማ። በጣም ሳቅን። መንገደኞች ቆመው ያዩን ነበር።

እድሩ አልፈረሰም፤ በየወሩ በ23 ጊዮርጊስ ሊሰበሰብ ተስማምቷል። ስንት ወር እንደሚዘልቅ እናያለን።

ባልዲው አሁን ደረጃ ሥር ተቀምጧል። ትናንት ማታ ከአምና የእትዬ ድንኳን አጠገብ ካለው ብሎክ ሁለት ወጣቶች በር አንኳኩ። አያታቸው አርፈዋል። «ቀለበት ያለው ባልዲ አላችሁ አሉን» አሉ። ወንድሜ ቁልፉን ይዞ አብሯቸው ወረደ፤ ለሁለት ተሸክመውት ሲሄዱ ገመዱ በየትኛው በኩል እንደሚታሰር ከኋላቸው እየተከተለ ያስረዳቸው ነበር።